«አይዞህ» መቼ፣ «በርታ» መቼ? ስለ ማበረታቻ ቃሎቻችን የተደረገ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፤

በትምህርት ዘመኑ መክፈቻ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ተማሪን ስለ ማበረታታት» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድማ ከአፋችን በምትወጣው በአንዲት ቃል ላይ መቆየትን መርጫለሁ። ቃሏ «አይዞህ» ናት። ልጅ ሲወድቅ፣ ሰው ሲታመም፣ ነጋዴ ሲከስር፣ ዘመድ ሲሰደድ፣ ሌላ የምንለው ሲጠፋን እርሷን እንላለን። ከእርሷ ጎን ደግሞ «በርታ» አለች። ሁለቱን እንደ አንድ ቃል እያቀያየርን ስንጠቀም ብንኖርም፣ አንድ ዐይነት ሥራ አይሠሩም ብዬ አምናለሁ። «አይዞህ» የሚል ሰው ራሱን በነገሩ ውስጥ ያስገባል፤ «በርታ» የሚል ግን ነገሩን ለሰሚው ይተወዋል። ሁለቱም በየቦታቸው ያስፈልጋሉ፤ ቦታቸው ሲለዋወጥ ግን ለማጽናናት የታሰበው ንግግር ያቆስላል።

ከቃሏ ጠባይ ልጀምር። «አይዞህ» የተለየች ቃል ናት። መልኳ የአሉታ ግሥ ይመስላል፣ ነገር ግን እንደ ሌሎች ግሦች በጊዜ አትረባም። «በርታ» ካልን በረታ፣ ይበረታል፣ ብርቱ፣ ብርታት፣ ማበርታት፣ ማበረታቻ እያልን ረጅም ዝርዝር ማውጣት እንችላለን፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም «የኢንቨስትመንት ማበረታቻ» የሚለውን ያገኘው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ከ«አይዞህ» ግን ትናንት የሆነ ወይም ነገ የሚሆን ግሥ አይወጣም። የተነገረውን መተረክ ስንፈልግ «አይዞህ አለችኝ» ብለን ቃሏን እንዳለች ከማስቀመጥ በቀር መንገድ የለንም። የምትለዋወጠው በሰሚው ብቻ ነው፤ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዟችሁ እንላለን፤ ተናጋሪው ራሱን ከሰሚው ጋር ሲደምር ደግሞ «አይዞን» ይላል። ሩቅ ላለ፣ ለሌለ ሰው የሚሆን መልክ በተለመደው ንግግር የላትም። ፊት ለፊት ላለ ወይም ቢያንስ ድምፃችንን ለሚሰማ ሰው ብቻ የተሰጠች ቃል ናት። ትግርኛ ተናጋሪዎች ኣጆኻ፣ ኣጆኺ፣ ኣጆኹም፣ ኣጆና ሲሉ ተመሳሳይ ጠባይ እናያለን።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህን ጠባይ በደንብ ያወቁ ይመስለኛል። ደቀ መዛሙርቱ በማዕበል ውስጥ ሆነው በፍርሃት ሲጮኹ የሚሰሙት ድምፅ «አይዞአችሁ፤ እኔ ነኝ፥ አትፍሩ» የሚል ነው። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ለተቀመጠው ዕውር ለማኝም «አይዞህ፥ ተነሣ፥ ይጠራሃል» ተብሎ ይነገረዋል። በሁለቱም ቦታ ቃሏ ብቻዋን አልተተወችም። ወዲያው ተከትሎ ምክንያት ይመጣል፤ እኔ ነኝ፣ ይጠራሃል። በዕለት ንግግራችንም ቢሆን ከልብ የወጣች «አይዞህ» ብቻዋን አትሄድም። «አይዞህ፣ እኔ አለሁ»፣ «አይዞሽ፣ ሐኪሙ መጥቷል»፣ «አይዟችሁ፣ ደርሰናል» እንላለን። ምክንያቱ ባይነገር እንኳ እጅ በትከሻ ላይ ያርፋል፣ ወይም ወንበር ቀረብ ይላል። ምንም ሳይከተላት ከበር ላይ የምትወረወር «አይዞህ» ደግሞ ሰሚው ወዲያው የሚያውቃት ባዶ ቃል ናት።

ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲሠሩ ማየት ለሚፈልግ ከማዋለጃ ክፍል የተሻለ ቦታ አላውቅም። ምጥ የያዛት ሴት ሕመሙ ሲመጣባት አዋላጇ ወይም አጠገቧ የቆመችው እናቷ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ትላታለች። በዚያ ደቂቃ ሴቲቱ ልታደርገው የምትችለው ነገር የለም፤ ሕመሙ እስኪያልፍ መቻል ብቻ ነው የሚቀራት። የመግፋቷ ጊዜ ሲደርስ ግን ቃሉ ይቀየራል፤ «በርቺ! ግፊ! በርቺ!» ይባላል። አሁን ሥራው የእርሷ ነው፣ ማንም ሊሠራላት አይችልም። ሕመሙ ለአፍታ ጋብ ሲል እንደገና ወደ «አይዞሽ» ይመለሳሉ። አዋላጇ ይህን በመጽሐፍ አልተማረችውም፤ ቋንቋው ራሱ ነው የሚመራት። ከዚያው ክፍል ደጅ አንድ የሚገርም ነገርም ይሰማል። ውጭ የሚጠብቁት ዘመዶች እርስ በርሳቸው «ምጡ በረታባት» ይባባላሉ። ብርዱ በረታ፣ ረኃቡ በረታ፣ ሕመሙ በረታ እያልን፣ ሰውን የምናጸናበትን ግሥ ሰውን ለሚያስጨንቀው ነገርም እንሰጠዋለን። «በርቺ» ስንላት፣ የበረታባትን ነገር በርትታ እንድትመክተው መጠየቃችን ነው። ስለዚህም «በርታ» ጉልበት ላለው ሰው የሚነገር የትግል ቃል ነው። ጉልበቱ ላለቀበት ሰው ከተነገረ ግን ያንን የሌለውን ጉልበት ከየት እንዲያመጣ እየጠየቅነው ነው።

«በርታ» በትክክለኛ ቦታው ሲገባ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት አድዋን ማስታወስ ይበቃል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ላይ እንደተመዘገበው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከኋላ ያለው ወታደር ሲያመነታ ባዩ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያሰሙት ቃል «በርታ» ነበር። ድሉ የእኛ ነው ብለውም ጨመሩበት፤ ወታደሩም ሴት እያጸናችው መሸሽ አልሆንለት ብሎ ተመልሶ ቆመ። በዚያ ሰዓት «አይዞህ» ቢሉት ኖሮ ፍርሃቱን እንዳወቁለት መንገር ይሆን ነበር። «በርታ» ግን ፍርሃቱን እንዳላየች አልፋ ወደ ክንዱ ትናገራለች። በተጨማሪም እቴጌይቱ ቃሉን ከሩቅ ሆነው አልላኩትም፤ ጦር ሜዳው ላይ ነበሩ። «በርታ» ለሰሚው የምትተወው ሸክም የሚቀለው ተናጋሪው በዚያው መንገድ ላይ ሲገኝ ነው።

ከአድዋ 113 ዓመት ያህል በኋላም ይህንኑ በስፖርት አይተነዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ገና ወጣት ነበረች፤ ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ማራቶንን ስትሮጥ ግን 37 ዓመቷ ነበር፣ ታሸንፋለች ብሎ የጠበቀም ብዙ ሰው አልነበረም። በሩጫው መካከል የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ ሕመም ይዟት ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ዞር ብላ አብራት እንድትቀጥል እንዳበረታታቻት በዚያው ሩጫ ላይ የነበሩ ተናግረዋል። ራድክሊፍ አራተኛ ወጣች፤ ደራርቱ አሸነፈች። ደራርቱ ያኔ የተናገረችው በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ተፎካካሪዋን ያበረታታችው እየሮጠች፣ የራሷን ጉልበት እየቆጠበች ባለችበት ሰዓት መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በአገራችን ማሳ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ጎንበስ ብለው ለሚያርሙት ሰዎች «በርቱ» ሳይል አያልፍም፤ እርሱ መንገደኛ ስለሆነ ይህ ይበቃዋል። ወላጅና መምህር ግን መንገደኞች አይደሉም።

ስለ «ጎበዝ» ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ምስጋና ነው፤ «አበጀህ»፣ «እደግ»፣ «ተባረክ» ከሚሉት ጋር ይሰለፋል። በድሮ ዘመን የጎልማሳና የጀግና ስም የነበረው፣ «የጎበዝ አለቃ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠን ቃል፣ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ መጻፉ ግን ያስደስተኛል።

ወደ ስሕተቶቹ ልምጣ። የመጀመሪያው፣ ምንም ላልሆነ ሰው «አይዞህ» ማለት ነው። ሥራውን በደንብ እየሠራ ያለ ሰው አለቃው ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ» ቢለው፣ ቀኑን ሙሉ «ምን ሆኜ ነው? ምን ሰምቶ ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ ይውላል። ቃሏ መከራ መኖሩን ቀድማ ታምናለችና መከራ በሌለበት ቦታ ጥርጣሬ ትፈጥራለች። በክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። አንዲት ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ስትወጣ ገና ጠመኔውን ሳታነሣ መምህሯ «አይዞሽ» ካላት፣ ጓደኞቿ ሁሉ እንደማትችል የተነገራቸው ያህል ይሰማቸዋል፤ እርሷም ይህንኑ ትሰማለች። እዚያ ቦታ የሚያስፈልጋት «እስቲ አሳዪን» የሚል ተራ ቃል ነበር።

ሁለተኛው የዕድሜና የክብር ጉዳይ ነው። «አይዞህ» ከላይ ወደ ታች፣ ከጠና ወደ ደከመ የምትወርድ ቃል ስለሆነች፣ ወጣት ለሽማግሌ ሲላት ትንሽ ትከብዳለች። «አይዞዎት» የሚል የአክብሮት መልክ ቢኖራትም፣ ጨዋ ሰው ለታላቁ በቀጥታ ከማዘዝ ይልቅ ነገሩን በፈጣሪ በኩል ያሳልፈዋል፤ «እግዜር ያበርታዎት»፣ «ብርታቱን ይስጥዎት»፣ «ምሕረቱን ያምጣልዎት» ይላል። ይህ አነጋገር ልመናም ምርቃትም በመሆኑ ታላቁን ዝቅ ሳያደርግ ያጸናዋል። ለቅሶ ቤት የምንለውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ስንል፣ ጽናቱ ከሐዘንተኛው አቅም በላይ መሆኑን፣ ከእኛም አቅም በላይ መሆኑን አምነን ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ሲሉ ያው ትሕትና አለበት። ለቅሶ ቤት ገብቶ «በርታ እንጂ! ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?» የሚል ሰው ሁላችንም አጋጥሞናል። ሐሳቡ ክፉ ባይሆንም፣ ሐዘንተኛውን ከሐዘኑ በላይ ሥራ ጨምሮበት ነው የሚወጣው። እንዲያውም በለቅሶ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም የማይናገረው፣ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚያመሸው ነው።

ሦስተኛው የቃሏ ጥላ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ በደንብ ያውቁታል። «ቆይ፣ አይዞህ!» ብሎ ጣቱን የሚነቀንቅ ልጅ እያጽናና አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ጠብቅ እያለ ነው። በአዋቂዎች ዘንድ ደግሞ «አይዞህ ባይ» የሚለው ሐረግ ሁለት ፊት አለው። «አይዞህ ባይ የሌለው» ስንል ስለ ወላጅ አልባው፣ ስለ ብቸኛው፣ ስለ ስደተኛው እንናገራለን፤ ሐረጉ ርኅራኄን ይሸከማል። «ከኋላው አይዞህ ባይ አለው» ስንል ግን ድምፃችን ይለወጣል፤ ጠብ ስላነሣ፣ መሬት ስለነጠቀ፣ ሕግ ስለተላለፈ ሰው ነው የምንናገረው፣ አይዞህ ባዩም ተባባሪ ነው። «የልብ ልብ ሰጠው» የሚለውም እንዲሁ ከማበረታታት ይልቅ ወደ ማባለግ ያዘነብላል። «ግፋ በለው» ባዩ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው፤ ራሱ ከዳር ቆሞ ሌላውን ወደ እሳት የሚልክ ሰው ነው። ልዩነቱን ቋንቋችን በግልጽ አስቀምጦልናል። ጥሩው አይዞህ ባይ ከደከመው ሰው ጎን ይገኛል፤ መጥፎው ከኋላ ሆኖ ይገፋል። በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ሲደባደቡ ዙሪያውን ከብበው «በለው! በርታ!» የሚሉትን ሃያ ልጆች ያየ መምህር፣ ቃሎቻችን በማን አፍ ሲገቡ ምን እንደሚሆኑ አይጠፋውም። ተደባዳቢዎቹን ብቻ ቢሮ ጠርቶ ከባቢዎቹን መተው ፍትሕ አይመስለኝም።

ከዚህ ጥላ ወጥቼ ቃሏ በዘመናችን ከሁሉ ይልቅ ወደምትመላለስበት ቦታ ልሂድ፤ ያም ስልክ ነው። በመካከላችን ልጃቸው ወይም እህታቸው ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራላቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። የእነዚህ ጥሪዎች አካሄድ ይመሳሰላል። ልጅቱ የምትደውለው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። እናት ደኅንነቷን ትጠይቃለች፤ ልጅ «ደኅና ነኝ» ትላለች፤ እናት ድምፅዋን አዳምጣ አላመነችም። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ቀን ያልፋል» ትላለች። ያን ጊዜ ልጅቱ ትመልሳለች፤ «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ እናንተ አይዟችሁ፤ ለወንድሜ መመዝገቢያ ነገ እልካለሁ።» እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች ያልኳት ቃል እዚህ ተገልብጣ ከልጅ ወደ እናት ወጥታለች። ምክንያትም ተከትሏታል፤ ነገ እልካለሁ። ሸክሙን የያዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ «አይዞህ» የሚለው ማን እንደሆነ ማዳመጥ ይበቃል። መምህራንም ይህን እንድታስታውሱ እለምናለሁ፤ ከፊታችሁ የተቀመጠው ልጅ የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ የተሸፈነው በዚህ ዐይነት የሌሊት ጥሪ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ሲወርድም የሚያስበው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም።

ውጤትን ካነሣሁ ዘንድ፣ በቅርብ ዓመታት ያየነውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ወደ 3.2 በመቶ ነበር። ከ100 ልጆች 97ቱ በአንድ ሰሞን «ወደቃችሁ» ተባሉ ማለት ነው። ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ትምህርቱ ጥራት የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ የምጠይቀው፣ ውጤቱ በተለቀቀበት ምሽት በየቤቱ ምን ተባለ የሚለውን ነው። በብዙ ቤት «በርተህ ብታጠና ኖሮ» ተብሏል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ምሽት ልጁ የሚበረታበት ሥራ በእጁ አልነበረም፤ ፈተናው አልፏል። እንደ ምጧ ሴት ሕመሙ እስኪያልፍ መቻል ብቻ ነው የቀረው። የዚያ ምሽት ቃል «አይዞህ» ነበር፤ ከእርሷም ጋር እራት አብሮ መብላት። ለሬሜዲያል ትምህርት የተመደበ፣ ወይም በግል ለመፈተን የወሰነ እንደሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ መጽሐፉን ሲከፍት «በርታ» የምትባልበት ሰዓት ይመጣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጡ ወላጆች ልጁ ለምን ዝም እንዳለ፣ ለምን ክፍሉን ዘግቶ እንደተቀመጠ እየጠየቁ ወራት ያሳልፋሉ።

በመጨረሻም ስለ ውጤት መግለጫ ካርድ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ላቅርብ። «የመምህሩ አስተያየት» በሚለው ጠባብ መስመር ላይ በየመንፈቅ ዓመቱ የምንጽፈው «በርታ»፣ «በርቺ» ነው። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ከዚህ በላይ ለመጻፍ ጊዜ እንደማያገኝ ይገባኛል፤ ወላጅም ቃሉን አይቶ ፈርሞ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ከስድሳው መካከል ውጤታቸው በድንገት የወረደ አምስት ወይም ስድስት ልጆች በየክፍሉ አሉ። ለእነርሱ ብቻ መስመሩ ሌላ ነገር እንዲይዝ አሳስባለሁ። «በርታ» በሚለው ፈንታ «አይዞህ፤ ክፍልፋይ ላይ ነው የተቸገርከው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እቆይልሃለሁ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በመስመሩ የማይበቃ ከሆነ ከካርዱ ጀርባ ይጻፍ። ወላጆችም ፈርማችሁ ስትመልሱ ከፊርማችሁ ሥር ልጁን ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት ውስጥ ሥራ ነፃ ማድረጋችሁን ብትጨምሩ፣ መምህሩ ብቻውን አይቀርም።